ደህና ከሆኑ አንድን ይጫኑ

ጥቅምት 9

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቆጣሪው፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ዛሬ አንዴ ለስልኩ፣ አንዴ ለሆስፒታሉ ዘበኛ፣ አሁን ደግሞ ላንተ፣ ሦስት ጊዜ ደህና ነኝ ብያለሁ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

ስልኩ ያልኩህ ያ አንተ ያስመዘገብከኝ ነገር ነው። ደርሶኛል። ልክ በአንድ ሰዓት፣ ሻዬን ጥጄ ሳልጨርስ፣ ጥር ይላል። «እንደምን አደሩ? ደህና ከሆኑ 1፣ ደህና ካልሆኑ 2 ይጫኑ።» እኔም 1 እጫናለሁ። «እናመሰግናለን» ይለኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ ጮክ ብዬ «ምንም አይደል» እለዋለሁ። አንቱ መባሉ ያሳፍረኛል እንጂ አልጠላሁትም። በዚህ ቤት በጠዋት እንደምን አደርሽ የሚል ከጠፋ ቆይቷል።

እዚያ የስልክ ድምፅ አይገባም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚገባው ማለትህ ላንተ ይከፋህ ይሆናል፤ እኔን ግን ደብዳቤ ይሻለኛል። በስልክ ሰው ዝም ሲል ያስታውቃል። በደብዳቤ ዝም ብትል ማን ያውቅብሃል?

ስለ ሥራዬ ጠይቀሃል። ስፌት ክፍሉ ያው ምድር ቤት ነው። ያው አንሶላ፣ ያው የትራስ ልብስ፣ ያው የሕመምተኛ ጋውን፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አዲስ ነገር ቢኖር ጓደኛዬ መስከረም ላይ ጡረታ መውጣቷ ነው። ምትክ እንልካለን ብለውኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ሁለት የስፌት መኪና ይዤ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። የእሷን መኪና አቧራ እንዳይነካው በአንሶላ ሸፈንኩት፤ አሁን ደግሞ ጠዋት ስገባ ሰው ተሸፋፍኖ የተኛ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ሦስት ነገር ነበር የጠየቅከኝ። ሁለቱን መለስኩ። ሦስተኛውን አልመልስም። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት አይጠየቅም፤ ስትመጣ በዓይንህ ታየዋለህ።

ብርድ ነው ብለሃልና የላክሁልህን ሹራብ ሳታወልቅ ልበስ። ቢሮህስ ምን ይመስላል፣ እጮኛህስ እንዴት ናት?

እህትህ


ጥቅምት 27

እታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እጅግ ደህና ነኝ። ሹራቡን ለብሻለሁ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይሄዳል፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቴም ገና ያድጋል ብለሽ ነው የሠራሽው?

ቢሮህ ምን ይመስላል ላልሽኝ፦ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ድሮ የክትባት ማቀዝቀዣ ነበረባት። ማቀዝቀዣውን ወስደውታል፣ ቅዝቃዜውን ግን ትተውልኛል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ እግሯ አጠር ያለ ወንበር አለኝ። በመስኮቱ የውሃ ማማውና የማማው ዘበኛ ይታዩኛል። እሱ እጁን ያነሳልኛል፣ እኔም አነሳለታለሁ። የቀኑ ጨዋታዬ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጎረቤት ወንድምሽ ምን ይሠራል ሲልሽ እንዲህ በይ። ሁለት ነገር ያጠናል። አንደኛ፣ ሰው በሽታ ሳይብስበት የት ሄዶ፣ ማንን ጠይቆ እንደሚታከም ያውቃል ወይ? ሁለተኛ፣ ያ የጠዋቱ መልእክት ይጠቅማል ወይ? እዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይደርሰዋል። 2 የተጫነ ሰው ዘንድ ነርስ ትሄዳለች። ያንቺ ቁጥር ለሙከራ የገባ ስለሆነ 2 ብትይ ነርስ አትመጣልሽም፤ የማየው እኔ ነኝ።

ሰዉ ደግ ነው። እንግዳ ማሳፈር አይወድም። «የጤና መስመሩን ስልክ ቁጥር ያውቃሉ?» ስል ሁሉም «እንዴታ!» ይላል። አንዱ አናጢ እጄን ይዞ ቤቱ ወሰደኝና ማስታወቂያችንን አሳየኝ፤ የተሰበረ መስኮቱን ደፍኖበታል፣ ጽሑፉን ወደ ውጭ አድርጎ። «በጣም ጠቅሞኛል» አለኝ። እኔም መጠይቁ ላይ «ያውቃል» ብዬ ሞላሁ። ምን ላድርግ?

ስለ እጮኛዬ ጠይቀሻል። ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች።

ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስከፍት የመጀመሪያው ረድፍ አንቺ ነሽ። 1 የምትለውን ሳላይ ሥራ አልጀምርም። ድምፅሽን የሰማሁ ያህል ነው።

ቆጣሪው


ኅዳር 20

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለተሸፈነው መኪና። ለእጮኛህ ሰላምታሽ ደርሷታል በልልኝ።

ሰው የት ሄዶ እንደሚታከም ያውቃል ወይ ብዬ አጠናለሁ ትላለህ። ያውቃል የሚል ካለ ወደ ምድር ቤት ይውረድና ይየኝ። የካርድ ክፍሉ ምልክት ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ሁሉ ደረጃውን ወርዶ እኔ ዘንድ ይመጣል። ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ እጁ የተሰበረው፣ ሁሉም በመርፌና በክር መሃል ቆሞ «ካርድ የት ነው የሚወጣው?» ይለኛል። ለአስተዳደሩ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ወሰድኩና ከዋናው በር ጀምሬ በደረጃው መደገፊያ ላይ እያሰርኩ እስከ ካርድ ክፍል አደረስኩት። አሁን ዘበኛው «ክሩን ተከተሉ» ይላል፣ ሰዉም ይከተላል። ይህንንም በጥናትህ አስገባልኝ። ባትሪ አይፈልግም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ጡቷ ላይ የጠጠር ያህል ነገር አግኝታለች። አያማትም። ካላመመኝ ምን ያስሮጠኛል ትላለች። ስሟን እንዳልነግርህ አደራ ብላኛለች። የእናንተ ስልክ ስለዚህ ነገር ምን ይላል? የሚያስቸኩል አይደለም፤ ሲመቸው ጠይቂልኝ ነው ያለችኝ።

እኔ ደህና ነኝ። በቀደም ጎረቤታችን ልጆቿ ዘንድ ልትኖር ዕቃዋን ጫነች። ግድግዳውን ሳንኳኳ መልስ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። አሁንም እጄ ለምዶ አንዳንዴ ያንኳኳል።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

እታለም፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱ ተበላሽቶ ደብዳቤ የሚያደርስልን ሾፌር ለአሥር ቀን አልመጣም ነበር። ቀይ ክርሽን ለአለቃዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ለሴትየዋ ዛሬውኑ ንገሪያት። ነርሷንም ጠየቅኩ፣ ስልኩ የሚለውንም አየሁ። ማመምና አለማመሙ መለኪያ አይደለም፤ ሳትውል ሳታድር፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መታየት አለባት። የሴቶች ምርመራ እኮ ከእናንተ ክፍል ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ነው! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይህ ነው። ዕድሜዋን ሆስፒታል ውስጥ እየዋለች የትኛውን በር እንደምታንኳኳ የማታውቅ ሴት! እኔ ስንት ወር የምለፋበትን አንቺ በአራት መስመር ጻፍሽልኝ። ቅር ካላላት ሪፖርቴ ላይ እንደ ምሳሌ ላስገባት እፈልጋለሁ፤ ስም አይጠቀስም። እዚህ ግድግዳችን ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን ለጥፈናል። ይህንንም ንገሪልኝ።

ጥር ላይ እመጣለሁ ያልኩሽ ግን ሊሆን አይችልም። ሪፖርቱ ለየካቲት ይፈለጋል። እንደምትረጂኝ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ትረጂኛለሽ፣ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። እናታችን ስትሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ አዝለሽ ትምህርትሽን ስትተዪም «ይገባኛል» ነበር ያልሽው።

ደግነቱ ጠዋት ጠዋት አይሻለሁ። ያው 1። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም።

ቆጣሪው


ጥር 3

ለወንድሜ፤

አለመምጣትህ ምንም አይደል። ሥራ ነው። አልጋህን አንጥፌልህ ነበር፤ አላነሳውም፣ እንደተነጠፈ ይቆይ።

ሴትየዋ ሄደች። የነገርከኝን ስነግራት ሦስት ቀን አሰበችበትና ሄደች። ክሩን ተከትላ ካርድ አወጣች። ወረፋው ላይ ስትቀመጥ ያወቃት ሁሉ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ይላታል፤ እሷም «አንሶላ ልቆጥር መጥቼ ነው» ትላለች። ሁለት ሰዓት ተኩል አንሶላ ቆጠረች።

ከዚያ ጋውን ሰጧት። የእኔው ስፌት ነው። ማሰሪያው ከኋላ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰፋ፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ከጀርባው ማሰር እንደማይችል አንድ ቀን እንኳ ታይቶኝ አያውቅም። ለካ የምሰፋው ሁሉ አብሮት ሰው ላለ ሰው ነበር። ሴትየዋ ጨርቁን በአንድ እጇ ከኋላዋ ጨብጣ ነው የገባችው። ከእንግዲህ ማሰሪያውን ወደ ጎን አደርገዋለሁ።

በመርፌ ናሙና ወስደውላታል። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተብላለች። የክፍሉ ሲስተር ከወዲሁ «መውጣት ካለበት የሚፈርም፣ የሚያስገባሽና የሚያስወጣሽ ዘመድ ይዘሽ ነዪ» ብላታለች። ዘመድ አላት፤ ሩቅ ነው። ጎረቤት መፈረም ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅላት፣ ምንም እንኳ ጎረቤቷ ዕቃዋን ጭና ብትሄድም።

ሪፖርቱ ላይ ያስገባኝ ብላሃለች። ምሳሌ መሆን አልጠላችም።

እህትህ


ጥር 22

እታለም፤

እንኳን ደስ ያለህ በይኝ! የሦስት ወሩን ውጤት ደመርነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱ ጠዋት ጠዋት 1 ይጫናል። አለቃዬ ወረቀቱን ይዞ በየክፍሉ ዞረ። «ሕዝቡ ጤነኛ ነው፣ መሣሪያውም ተወድዷል» ይላል። የውሃ ማማው ዘበኛ እንኳ ስልኩን ከፍ አድርጎ በመስኮቱ ያሳየኛል፤ ተጫንኩልህ ማለቱ ነው። ጉንፋን ይዞት ሰነበተ እንጂ ጨዋታው ያው ነው።

ለሴትየዋ ጥያቄ መልስ ይኸውልሽ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ለራሱ ይፈርማል። ሆስፒታሎች ግን ዘመድ ይፈልጋሉ፤ አስተኝተውት ሲነቃ አጠገቡ የሚሆን ሰው እንዲኖር ነው። ስለዚህ ለዘመዷ ትጻፍለት። አፍ አውጥታ ትንገረው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማይመጣ የምን ዘመድ ነው?

ሪፖርቱ ላይ አስገብቻታለሁ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ። አለቃዬ በጣም ወዶታል።

አልጋዬ እንደተነጠፈ መሆኑን ረስቼው አይደለም። መቼ እንደምመጣ አሁን ቁርጡን መናገር አልችልም።

ቆጣሪው


የካቲት 10

ለወንድሜ፤

እንኳን ደስ ያለህ። ስለ ሥራህ መቃናት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዘበኛውን ለጉንፋኑ ሎሚና ማር ይጠጣበት በልልኝ።

የሴትየዋ ውጤት መጣ። መውጣት አለበት ተብላለች፤ ሳይዘገይ። ቀጠሮ ሰጧት፣ ዘመዴ እየመጣ ነው ብላ አሻገረችው። ልክ ነህ፣ አፍ አውጥታ መንገር ነበረባት። ግን ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ ደስ ብሎት እየሠራ ነው። ደስ ብሎት ያለን ሰው እንዴት ታስደነግጠዋለህ ትላለች። ምን ልበላት? ግትር ናት።

ሰሞኑን የዕቃ ቆጠራ ስላለብን ብዙ አልጽፍልህም። እኔ ደህና ነኝ።

እህትህ


መጋቢት 2

እታለም፤

ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የውሃ ማማው ዘበኛ ሞተ። ማክሰኞ ዕለት እጁን ሳያነሳልኝ ሲቀር ዕረፍት የወጣ መስሎኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጎጆው ውስጥ አገኙት። ኮምፒዩተሩን ሮጬ ከፈትኩ። በዚያው ዕለት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ፣ 1 ብሏል።

ሻይ ቤት ያላትን ጎረቤቱን ሄጄ አነጋገርኳት። ጉንፋን ያልኩሽ ጉንፋን አልነበረም። «የማማውን ደረጃ መውጣት ካቃተው ሁለት ወር አለፈው፤ ማታ ሲያስለው ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን 2 አይጫንም ነበር? ነርስ እኮ ትመጣለት ነበር» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «እንዴ! አንተ እንደምን አደርክ ስትባል ታምሜአለሁ ትላለህ? በጠዋት? ያውም ለማያውቁህ ሰው?»

እታለም፣ እኛ ጥያቄ የጠየቅን መስሎን ነበር። ለካ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሰላምታ ነው ስንልክ የከረምነው። ሰዉም በጨዋ ደንብ ሰላምታችንን መለሰልን። ያ ዘጠና ስድስት በመቶ የሰው ጤና ሳይሆን የሰው ጨዋነት ነው። ለአለቃዬ ይህን ስነግረው ሪፖርቱን ዘግቶ በእጁ ተጭኖ ያዘው፤ የሚያመልጥበት ይመስል።

እውነት ካነሳን አይቀር፣ ስለ እጮኛዬ ደህና ናት ያልኩሽ ውሸት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ተለያይተናል። ሰላምታም አልላከችም። ለምን እንዳልነገርኩሽ አላውቅም። ጠየቅሽኝ፣ እኔም ደህና ናት አልኩ።

በመስኮቱ ማየት ትቻለሁ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ምን ብለን ብንጠይቅ ነው ሰው እውነቱን የሚናገረው? አንቺ ከእኔ ይልቅ ሰው ታውቂያለሽና ንገሪኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ወንበሩን መልሰህ አዙረው። ያ ሰው እጁን ሲያነሳልህ የከረመው ግድግዳ እንድታይ አይደለም።

ስለ ልጅቷ አልወቅስህም፤ ለእኔም 1 እንደምትጫን ማወቄ ግን ውስጤ ገብቷል። ለማያውቁት ሰውስ እሺ። ብቻ እኔ ማንን እወቅሳለሁ።

ለጥያቄህ የማውቀውን ልንገርህ። እዚህ ለጡረታ የደረሰች አንዲት ሲስተር አለች። ሐኪሞቹ ክፍል ገብተው «ደህና ነሽ?» ሲሉ ሕመምተኛው ሁሉ «ተመስገን» ይላቸዋል፣ እነሱም ጽፈው ይወጣሉ። እሷ ግን አንድ ቀን ደህና ነሽ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ዳቦውን ማን አመጣልሽ? ሌሊት በየትኛው ጎንሽ ተኛሽ? ጫማሽን ማን አሰረልሽ?» ነው የምትለው። ሰው ለሰላምታ የሚመልሰው የተዘጋጀ መልስ አለው። ጫማህን ማን አሰረልህ ስትለው ግን ምንም አላዘጋጀም፤ እውነቱ ያመልጠዋል። እናንተም እንዲህ ጠይቁ። ሰው ብቻውን መሆን አለመሆኑን ካወቃችሁ፣ ሌላውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

የሴትየዋ ቀጠሮ ለሦስተኛ ጊዜ ተቆርጧል። ሚያዝያ 5 ነው። ይህችው ሲስተር ጆሮዋን ይዛ «ከዚህ በላይ አላሻግርልሽም፣ ዘመድሽ መጣም ቀረ ትገቢያለሽ» ብላታለች። ትግባ።

እህትህ


ሚያዝያ 3

ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ይህን የምጽፍልህ ስለ ዛሬ ጠዋቱ ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

በአንድ ሰዓት እንደ ልማዴ ስልኩን አነሳሁ። እንደምን አደሩ የለም። «ትናንት ቤትዎ መጥቶ የጠየቀዎት ሰው አለ? ካለ 1፣ ከሌለ 2 ይጫኑ» ይላል። የእኔን ምክር እንደሰማህ ገብቶኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ትናንትን አሰብኩ። ከትናንት በስቲያንም አሰብኩ። ባለፈው ወር ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ ነበር፤ እሱን ልቁጠረው አልኩ፣ ግን ትናንት ነው የሚለው። ሻዬ እየፈላ ጣቴ 2 ላይ አረፈ።

ወዲያው ልመልሰው ብል አይመለስም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክም ተጨምሯል። እባክህ ያንን ረድፍ ሰርዘው። ጥናትህን እንዳላበላሽብህ። አለቃህም እህቱ ምን ሆና ነው እንዳይልህ። ጣቴ ስቶ ነው በለው።

ሴትየዋ ከነገ ወዲያ ትገባለች። ብቻዬን ነኝ ብላ ነግራቸዋለች። ቅጹ ላይ «ዘመድ» በሚለው መስመር የዘመዷን ስም ቀድሞ ጽፋበታለች፤ ፊርማው ባዶ ነው። እኔ ሳየው ባዶነቱ ብዙም አያስከፋም። ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል።

ሥራህን በርትተህ ጨርስ። እኔ ደህና ነኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 5
ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ

እታለም፤

ከትናንት በስቲያ ላክሁልህ ያልሽኝ ደብዳቤ እዚያ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ እዚህ መጥቻለሁ። ሾፌሩ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። መንገድ ላይ ተላልፈናል። አሁን አንቺ በሩ ውስጥ ነሽ፤ ከመግባትሽ በፊት በነበረችን አምስት ደቂቃ ያልነገርኩሽን ልጻፈው። እኔ ቦርሳዬን ማስቀመጫ ስፈልግ ነበር። አንቺ ደግሞ ከአልጋው ላይ ቀና ብለሽ «በላህ?» አልሽኝ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት አዲሱን ጥያቄ ላክን። መልሱ ሲገባ አለቃዬ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነበር። ከአራት መቶ አሥራ አንዱ ሰው ሁለት መቶ ሰባው 2 ብሏል። አለቃዬ «አሁን ገና ጥናት ሆነ» አለ፤ የወረደ ድምፅ ነበረው። እኔ ግን የማየው የመጀመሪያውን ረድፍ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ 1 ያለው ረድፍ 2 ብሏል።

ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። የመጀመሪያው ላይ «ሁለት የስፌት መኪና ይዤ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ» ትያለሽ። ጓደኛሽ መስከረም ላይ ወጥታለች፤ ምትክ አልተላከልሽም። ኅዳር ላይ «አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት» ትያለሽ። እታለም፣ እኔ ቆጣሪው ነኝ። ደረጃ ስቆጥር፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ስቆጥር ነው ያሳደግሽኝ። አንድ ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ሁለት ሰው ቆጥሬ አምስት ወር ከረምኩ። የምን ዘመድ ነው ብዬም ጻፍኩልሽ። ሪፖርቴ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ «አንዲት ሴት» ብዬ ያስገባሁሽ አንቺን ነው።

ጽሑፍ ልልክልሽ ነበር፤ ደህና ነኝ ብለሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ፈራሁና ተውኩት። ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጣሁ። ከዋናው በር ላይ ዘበኛውን ስጠይቀው «ክሩን ተከተል» አለኝ። ተከተልኩት። ካርድ ክፍል ሲደርስ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው እየጠየቅኩ ሄድኩ። አሮጊቷ ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ፈራሚው አንተ ነህ?» አለች። ነኝ አልኳት። «ዘገየህ» አለችኝ። ልክ ናት።

ቅጹን ሰጠችኝ። ስሜን በየካቲት ነው የጻፍሽው፤ ቀኑ አጠገቡ አለ። ቀለሙ ደብዝዟል። ሥሩ ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬን አይመስልም፤ ግን የእኔ ነው።

የደረሰሽ ጋውን አሮጌው ነበር፣ ከኋላ የሚታሰረው። ሳስርልሽ ጀርባሽ ምን ያህል እንደከሳ አየሁ። ሁለቱንም ማሰሪያ ድርብ ቋጠሮ ነው ያደረግኩት፤ ሲፈቱት ይቸገሩ ይሆናል። ማሰሪያውን ስጨርስ ሳትዞሪ «ጠብቆልኛል» አልሽ። ከዚያ ወሰዱሽ።

ሐኪሙን እስከ በሩ ተከትዬ ጠየቅኩት። ብዙ ተስፋ አለ አላለኝም፣ የለምም አላለኝም። «ቀድሞ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሲከፈት እናያለን» አለ። አልደብቅሽም ብዬ ነው የጻፍኩት። ከእንግዲህ በመካከላችን 1 የለም።

በጥቅምት የጠየቅኩሽን፣ አልመልስም ያልሽኝን ሦስተኛውን ጥያቄ ታስታውሺዋለሽ? «ከሥራ ስትመለሺ በር የሚከፍትልሽ አለ?» ነበር። በዓይንህ ታየዋለህ ብለሽኝ ነበር። ስትገቢ የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጥሽው፣ እንዳይጠፋ። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለሽ። ለማንም ሌላ አስቀርጸሽ አታውቂም።

አግዳሚው ወንበር ቀዝቃዛ ነው። ሹራቤን ለብሻለሁ፤ እጅጌውን ጣቶቼ ላይ ሳብ አድርጌዋለሁ። ለካ ለዚህ ነው ያስረዘምሽው።

ሲያወጡሽ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። የትኛው ጎንሽ እንደሚሻልሽ ነው የምጠይቅሽ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፊ። በሩ ላይ ነኝ።

ወንድምሽ